መዳፍ

ሞጂ ወደብ ላይ ዝናብ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣
ሺንጎ መኪናውን ቀስ አርጎ አስገባት።
ሞላዋን አሳጥሮ፣ መሬት አስጠግቷት፣
ፓኮ ሲጋራ እንኳ በሥሯ አታልፍላት።

«ከውጭ ሲያዩት አዲስ፣ ከውስጥ ሽቦው ታየ፤
በስድስት ወር ጎማው ከዕድሜው ተለያየ።
ካምበር ነው፣ አውቃለሁ፤ እግሯ ተንጋደደ»
ብሎ፣ ገና ክሪኩ ሳይነሳ፣ ፈረደ።

ፉሚዮ አልመለሰችም፤ ጓንቷን አወለቀች፣
ባዶ መዳፏን ጎማው ላይ አሳረፈች።
ከውስጥ ወደ ውጭ ሳበችው፤ ልስልስ።
ከውጭ ወደ ውስጥ፤ የመጋዝ ጥርስ።

«ና፣ አንተም ዳብሰው» አለችኝ። ዳበስኩት፤
ሲሄድ ሐር፣ ሲመለስ እሾህ ሆኖ አገኘሁት።
«ካምበር ሲበላ ይልሳል፤ እንዲህ አይቧጭርም።
ይሄኛው ተጎትቷል፤ በወጉ አልዞረም።
ዓይኑ ወደ ፊት፣ እግሩ ወደ ጎን፣
እንደ ማረሻ...» አልጨረሰችውም።

የዓሣ ማስገሪያ ክር ከግራ ከቀኝ ወጠርን፣
ከቸርኬው ፊትና ኋላ ሚሊ ቆጠርን፤
አራት። ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ጉድለት፣
ላስቲክ ስትሞርድ የኖረች፣ በየኪሎሜትሩ፣ ያለ ጩኸት።

ሺንጎ አቀረቀረ፤ ሞላ የቀየረ ቀን
ለቸርኬ ቀለም ነው ያዋለው የማስተካከያውን የን።

«መልሼ ላንሳት እንዴ?» «ለምን? ታምራለች።
ዝቅ ማለቷ አልጎዳት፤ ሳትቃና ሄደች።»

ማታ በር ስንዘጋ ጫማዋን አየሁት፤
የቀኝ ተረከዙ በውጭ በኩል አልቋል።
ልጠይቃት ስል ቀደመችኝ፤ መቼም ምንም አያመልጣትም፤
«ዳሌዬ ነው» አለች፤ «ቴስቲና አይሸጥለትም።»