ዳሩ ግን

የሜትሩን ጫፍ ይዤ ደንገል ውስጥ ቆሜያለሁ፣
ጭቃው እስከ ጉልበት፤ ቁጥር እጠራለሁ።
ባንቲሁን ከላይ ነው፣ ከወርካው ጥላ ሥር፣
መዝገቡን ዘርግቶ በእርሳስ ሲሞነጭር።
ስድስት ዓመት ሞላኝ፣ ይህ ሲሆን ሥራዬ፣
እኔ በለካሁት ሰው ሲያጥር ኋላዬ።

ደንቡን በቃሌ አውቀዋለሁ፦
«ከሐይቁ ዳር ጀምሮ ሁለት መቶ ሜትር
ግንብ አይቁም፣ ደንገል አይመንጠር፣
የአውሬና የአዕዋፍ ማደሪያ አይደፈር።
ዳሩ ግን . . .» ይልና ገጹ ይታጠፋል፤
የቀረውን ነገር ጉዳይ ያለው ያነባል።

እሺ፣ ከሐይቁ ዳር። ዳሩ ግን የቱ ነው?
ከተማው በሙሉ ስሙ ባሕር ዳር ነው፣
ዳሩን አሳዩኝ ስል ሁሉም ዝምተኛ ነው።

ጣና በግንቦት ወር ሸሽቶ ይገኛል ርቆ፣
ልጆች ኳስ ይመታሉ ጭቃው ተሰንጥቆ፤
በመስከረም ደግሞ በዚያው ግብ መሃል
በረኛ ሳይኖረው አምባዛ ይገባል፣
ጉማሬም ሲመሽለት ማዕዘን ይመታል።

አቶ ሸጋው ለልኬቱ ግንቦትን መረጡ።
ክፉ ሰው አይደሉም። ሆቴሉ ሲያልቅላቸው
የእህቴን ልጅ ዘበኛ ሊያደርጉት ነው ቃላቸው፤
እሱም ካሁኑ ፊሽካ ገዝቶ
ሌሊት ይነፋል፣ ጎረቤት ቀስቅሶ።

ዳውድ ታንኳውን አቁሞ፣ ያጨደውን አራግፎ
«ና» አለኝ በእጁ። መራኝ ሽቅብ፣ ከችካሉ አልፎ፣
መቶ ሃያ እርምጃ። ከዚያ የሣር ክምር፣
ውስጡ የእንቁላል ስባሪ፣ አንድ ላባ፣ ጥቂት አፈር።
«የባለ ዘውዷ ወፍ ነው። አምና ክረምት እዚህ ታቀፈች፣
ውኃው ዙሪያዋን ከቦ፤ በታንኳ ሳልፍ አልሸሸች።
ድሮ በመንጋ ነበሩ፤ ዘንድሮ ከባሏ ጋር ቀረች።
ደንብ አታነብም» አለና ሳቀ፣ «ዳሩን ግን ታውቃለች።»

በልቤ ለካሁ። ሁለት መቶው ከዚህ ከተነሣ
ሆቴሉ ቀረ፤ የልጁም ፊሽካ ተረሳ።
ወርካውን አልፎ በዕጣ የደረሰኝን ቦታ ይነካል፣
የባለቤቴ ጌሾ ሳይቀር ከክልከላው ውስጥ ይገባል።

«ዜሮው የት ነው?» ባንቲሁን ተጣራ።
ሜትሩ በእጄ ላብ ጠጥቶ ከብዷል።
«እዚህ!» አልኩ፣
ከጎጆው አጠገብ።

ዝም አለ። እርሳሱን በምላሱ አራሰ።
«አልሰማሁም» አለ።
«ድገመው።»