አታጥብቂው

በዚህ ወንዝ ላይ መሬት ዕድሜው አጭር ነው፤
ጃሙና ይወልደዋል፣ ጃሙና ነው የሚቀብረው።
ትናንት ሩዝ የታጨደበት ዛሬ ዓሣ ይሰገርበታል፣
ዛሬ ጀልባ የሄደበት ለከርሞ ጎጆ ይቆምበታል።

ስሜ ቶሁራ ነው፣ ሥራዬ መግጠም፤
ሽቦ ከሽቦ እንጂ ቃል ከቃል አይደለም።

ጆንያ የለበሰ ፓነል፣ ጭኔ ላይ ባትሪ ይዤ፣
በሳሪያካንዲ ጀልባ ከሦስት ፍየል ጋር ተጉዤ፣
ሶሊሙዲን ደጅ ደረስኩ ፀሐይ ሳትከር ገና፤
ጣራ ላይ ወጣሁኝ መሰላል አቆምኩና።
ደቡብ የቱ እንደሆነ በጥላዬ ለካሁ፣
ማዕዘኑን አስተካከልኩ፣ ቆርቆሮውን በሳሁ፤
መመሪያው እንደሚለው፣ አሠልጣኝ እንዳዘዘ፣
መፍቻዬን ብሎኑ ላይ እጄ ጠመዘዘ።
ጥርሴን ነክሼ ሳጠብቅ፣ ብረቱ እስኪያቃስት፣
አዛውንቱ ከታች አሳላቸው አንድ ሁለት።

«አታጥብቂው፣ ልጄ፣» አሉኝ ቀና ብለው፣
«የምታስሪው አንቺ ነሽ፤ የሚፈታው ማነው?
ይህ ቤት ዘጠኝ ጊዜ ፈርሷል፣ ዘጠኝ ጊዜ ቆሟል፣
ቋሚው ጉድጓዱን ያውቃል፣ ምስማሩ ቀዳዳውን ለምዷል።
ወንዙ በሌሊት ሲመጣ ውሻ እንኳ አይጮኽም፣
ያኔ ፋታ የለኝም ከብሎን ግብግብ ልገጥም።»

ሦስት ወር ስሠለጥን፣ ቦጉራ ላይ፣ ደረቅ መሬት፣
ማንም አልነገረኝም ስለሚሄድ ቤት።

ግማሽ ዙር መለስኩት።

ማታ አምፖሉ በራ፤ ሚስታቸው ጆሪና
«ቤቴ እንዲህ ጥቁር ኖሯል?» አሉ፣ የኩራዙን ጥላሸት አዩና።
ሌላ ቃል አልተናገሩም። መጥረጊያ አነሡ።

ክፍያው ሠላሳ ስድስት ወር፤ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣
ቤቱ ያለበትን ስፍራ ስልኬ ላይ ምልክት ሰጠሁት።

*

ዝናቡ ወር ሙሉ ወርዶ ጋብ ሲል፣ ደብተሬን አቅፌ፣
ለአሥራ አራተኛው ክፍያ ወጣሁ፣ ሞተር ስለጠፋ ቀዝፌ።
ስልኬ መንገድ አሳየኝ፤ በስተግራ፣ ቀጥ በይ፣
ከዚያም «ደርሰሻል» አለኝ፤ ውሃ ብቻ፣ ውሃና ሰማይ።

እዚህ ጋ ነበር መሰላሌ። እዚህ ጋ ነበር ሳላቸው።
እዚህ ጋ የዱባው ሐረግ፣ የታሰረችው ጥጃቸው።
ደፍራሽ ውሃ ነው አሁን፣ ዝም ያለ፣ የጠገበ፣
የጀልባዬን ሆድ እየላሰ፣ የሚያውቀኝ ይመስል ቀረበ።
ዕዳው ደብተሬ ላይ አለ፤ ሃያ ሦስት ወር ይቀራል፤
በር የሌለውን ዕዳ ሰው እንዴት አድርጎ ያንኳኳል?

ልመለስ ስል መሸ። በማዶ፣ አዲስ አሸዋ ላይ፣
አንዲት ነጥብ በራች፣
ለኮከብ ዝቅ ያለች፣ ለኩራዝ የነጣች፣ ከሩቅ ስትታይ።

ሶሊሙዲን ናቸው። ቤቱ አጥንት ነው፣ ግድግዳ የለውም፤
ጣራው መሬት ተኝቷል፤ ብርሃኑ ግን አልጠፋም።
ፓነሉ ቀርከሃ ተደግፎ፣ ባትሪው ከዶሮዎች መሐል ነው፤
ጆሪና ከአምፖሉ ሥር ሩዝ ይለቅማሉ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው።

«በሌሊት መጣ፣» አሉኝ። «አምፖሉን በረዥም ሽቦ አወጣን፣
በሱ ብርሃን ግድግዳ ነቀልን፣ ሩዝ ጫንን፣ ላም ፈታን።
ፓነሉን በመጨረሻ፣ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን ሲይዘኝ፣
በባዶ እጄ ፈታሁት። ያቺ ግማሽ ዙር አዳነችኝ።»

ከዚያ ከወገባቸው ፈቱ፣ በጨርቅ የተቋጠረ፣
የአሥራ አራተኛውን ወር ታካ፤ እርጥብ ነው፣ ግን የተቆጠረ።
አንድ በአንድ አምፖሉ ሥር፣ አሸዋው ላይ አሰጣነው።
ደብተሬ «አድራሻ» ይላል።
በእርሳስ ጻፍኩት አዲሱን፤ የድሮውን በስክሪብቶ ነው።

ጠዋት ጎረቤት ተጠራ፤ ጣራው ተመልሶ ወጥቷል፣
መሰላሌን አቆምኩኝ፤ ብሎኑ ቀዳዳውን ለምዷል።
አጠበቅኩ።
አዛውንቱ አላሳላቸውም፤ ከታች ቆመው ብቻ አዩኝ።
ግማሽ ዙር መለስኩ።