ይመር ገና

ደሴ ላይ ጉም ሲወርድ ጦሳ ይጠፋና
ሰውም ይለሰልሳል፣ ግንቡና ጎዳና።
ማዲያት አይታይም፣ ሽበት አይታይም፤
ይህን የመሰለ ፊልተር ስልክ የለውም።

ከጉሙ በታች ነኝ፣ ፒያሳ ጥግ ላይ፣
በአንድ ክንድ ቆርቆሮ፣ በአንድ ክንድ ሰማይ።
በሬ ላይ «ይመር ሞባይል ጥገና» ይል ነበር፤
ክረምቱ «ጥ»ን አጥቦ ወሰዳት፣ አምና በነሐሴ ወር።
የቀረው «ገና» ነው።
ደንበኛ ይስቃል፤ እኔም ለመድኩና
አቤት እላለሁ፣ «ይመር ገና!» ሲሉኝ፣ «ይመር ገና!»

አንድ ቀን ጦይባ መጣች፣ የሸዋ በሯ ልብስ ሰፊዋ፣
እንደታመመ ሕፃን ስልኳን አቅፋ በጉያዋ።
«በፊቴ ነበር የምከፍተው፤ ዛሬ አላውቅሽም አለኝ፤
ብቀርበው፣ ብርቀው፣ ብስቅለት፣ እምቢ አለኝ።»
ለካስ ፊቷን ያስመዘገበችው የእህቷ ሰርግ ማታ ነበር፤
ተኩላ፣ ተቀንድባ፣ ከንፈሯ ቀልቶ ሲያበር።
«አጥፍቼ እንደገና ልመዝግብሽ?» አልኳት።
«እንዲህ እንዳለሁ?» አለች፤
መርፌ የጠቀጠቀውን ጣቷን ወደ ጉንጯ ላከች።
«እንዲህ እንዳለሽ» አልኩ።
ለምክር ማን ብሎኝ!

እኔ ራሴ ፌስቡክ ላይ ባለመኪና ነኝ።

ወደ ወልዲያ የሚያልፍ ነጋዴ ቻርጀር ሊገዛ ወርዶ፣
ነጭ መኪናውን ደጄ ላይ ገትሮ፣ በሩን በርግዶ፣
ክንዴን ጣል አደረግሁ፤ መነጽር ከጎረቤት፤
አንድ ጠቅታ ብቻ። በቃ።
የኔ ናት አላልኩም።
የኔ አይደለችምም አላልኩም።
«ማሻአላህ!» አለ አንዱ። «ይጨምርልህ!» አለ ሌላው።
ዝም አልኩ፤ ተጨመረልኝ።

እናቴ ኩታበር ማዶ ናት፤
የጎረቤት ልጅ እብሬ ፎቶውን በስልኩ አሳያት።
ከዚያ ወዲህ ስትደውል፣ ከእኔ ጤና በፊት
«መኪናዋስ ደህና ናት?» ትላለች፣ እንደ ምራት።
«ደህና ናት።»
«ነዳጅስ ታገኛለህ?»
«አገኛለሁ።»
«የሐረጎን ቁልቁለትስ ቀስ ብለህ ትወርዳለህ?»
«ቀስ ብዬ እወርዳለሁ።»
የምወርደው በሚኒባስ ነው፣ ትርፍ ሆኜ፣ ጎንበስ ብዬ።

አንድ ማታ ሰለቸኝ። «ሸጥኳት» አልኩ፣ «እማዬ።»

ስልኩ ውስጥ ዝም አለ። ላም ስታገሳ ብቻ ሰማሁ።
ሰኞ ገበያ ሲቆም ከሰፈራችን የመጣ ሰው አገኘሁ፤
በጨርቅ የተቋጠረ ብር ሰጠኝ፣ ስምንት ሺህ።
«እናትህ ናት» አለኝ፣ «ጠቋሯን በግ ሸጣ፤
ልጄ መኪና እስኪሸጥ፣ ትላለች፣ ምን ጉድ መጣ?»

ብሩ በግ በግ ይሸታል።
ያን ቀን ብየዳው እጄን ሦስት ጊዜ በላኝ።

ጦይባ ስልኳን ልትወስድ ስትመጣ «አንሺኝ» አልኳት።
ከ«ገና»ው ስር ቆምኩ፤ የተቃጠለ ጣቴን አልደበቅሁም፤
ጉሙ እንኳ ያን ቀን አልረዳኝም።
ለእብሬ ላክሁት፤ እንዲያሳያት።

ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ደወለች።
«ይኼንንስ ወልጄዋለሁ» አለች።
«ያ ባለመነጽሩ ግን፣ ያ ባለመኪናው፣ የማን ነበር?»
ሳቀች መሰለኝ፤ ወይም መስመሩ ነው የተንኮሻኮሸ።
ብሩን ልመልስ አልኩ።
«ተው! እብሬ አንብቦልኛል፤
ቤትህ ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል አሉ። እሷን ግዛበት።»

በጓ አትመለስም፤ ያረዳት አርዷታል።
ቀለም ቀቢው ነገ እመጣለሁ ብሏል።
ዛሬ ጉም ነው፤ ጦሳ የለም፤ መንገዱ ነጭ ሆኗል።
ፌስቡኬ ላይ ያ ሰውዬ አሁንም
ክንዱን በሰው መኪና እንዳስደገፈ ይስቃል።
ላጠፋው ጣቴን አነሳሁና

ገና።