ጥር ሠላሳ አንድ

ክላሰሩ እኔ ዘንድ ነው፤ ማንም አልሾመኝም፣
ቀን የሚያሰልፍ ሰው ሲጠፋ ዝም ማለት አላስቻለኝም።
ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ፣ ከፎቶ ኮፒው ቤት ጓዳ፣
ቅዳሜ አራት ሆነን እንገባለን፤ ሦስት ወንበር፣ አንድ ጀሪካን፣
ራሳችንን በር ላይ ትተን፣ ለገዛ ስማችን እንግዳ።

ትርሲት፣ ባንክ ቤት ብር ቆጥራ የደረቀ ጣቷን እፍ ብላ፣
ሻምበል ደርሰህን ትሆናለች፣ በሌለ ከዘራ ዘንበል ብላ።
ጉልላት፣ ቀኑን ሙሉ ታክሲ በር ላይ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል የዋለው፣
ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዳኛ ይሆናል፤ ባርኔጣ፣ የወርቅ ሰዓት አለው።
ረድኤት የዳኛው ልጅ ናት።
እኔ የፔንሲዮኑ ጸሐፊ፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ በስንት ሰዓት።

ፔንሲዮኑ የፈጠራ ነው፤ ዘመኑ ስድሳ ስድስት፣
ሰባት ክፍል፣ አንድ ስልክ፣ የማትጠግብ አንዲት ድመት።
ሕጉ አንድ ነው፦ ቀድሞ የጻፈ አይደለም የሚቀድም፤
ቀኑ ነው የሚያስቀድመው። የዛሬው ገጽ ከአምናው ፊት ቢገባ አይገርምም።

ስንት ጣጣ አየሁ! ሻምበሉ ጥር አሥራ ሦስት እግሩ ተሰብሮ፣
ዳኛው በአሥራ አራት ሠርግ ላይ ያስጨፍረዋል፣ እስክስታ በከበሮ።
ታኅሣሥ የተመለሰ ደብዳቤ፣ ጥያቄው ገና ጥር ላይ ይጻፋል፤
ቀለበቱን ከፍቼ መልሱን ከጥያቄው ኋላ እከታለሁ፤ ታሪኩ ይሰለፋል።
ትርሲት በባንክ ልማድ በፈረንጅ ቀን ትጽፋለች፤ ስምንት እቀንሳለሁ፤
«በሦስት ሰዓት» ይላል ጉልላት፤ የጠዋት ነው የማታ? ብዬ እጠይቃለሁ።

ረድኤት ሐኪም ሆና መቱ ተመደበች።
ስትሄድ ፖስታ ሰጠችኝ፤ እፊቴ በምራቋ አሸገች።
«ሦስት ገጽ ነው፤ እንደየቀኑ ክተተው» ብላ፣
ከጀርባው ጻፈች፦ የመጀመሪያው፣ የካቲት አምስት።

ጥር ሠላሳ ደረስን። ጉልላት ከወንበሩ ተነሣ፤
«የካቲት አትግባ» አለኝ፤ «ሰውዬዬ ዳኛ ነው፤ አንተም አትርሳ።
የካቲት ላይ ታክሲ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆመዋል?
እንዲህ ያለ ባርኔጣ የደፋ ሰው ከየትኛው ዝርዝር ይጠፋል?»
ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። መዳፉ ክላሰሩን ተጭኖታል።

እኛ አገር ወር ሠላሳ ነው፤ የተረፈውን ጳጉሜ ይለቅመዋል።
እኔ ግን በእስክሪብቶ ጻፍኩ፦ ጥር ሠላሳ አንድ።

ትርሲት ዓይኗን አጉረጠረጠች፤ ባንክ ቤት እንዲህ ያለ ቼክ አያልፍም፤
ግን ሻምበሏ በዚያ ቀን ወጥቶ ጋዜጣ ገዛ፤ ጋዜጣው ምንም አይልም።
ሠላሳ ሁለት ጸጥታ ነበር። ሠላሳ ሦስት ድመቷ ወለደች።
ሠላሳ አራት ዳኛው በረንዳ ላይ ሰዓቱን ሞላ፤ ፀሐይ መጥለቋን ዘገየች።

ውጭ ሰኔ ነው። አስፋልቱን ጎርፍ ሞልቶታል፤
ጉልላት የራሰ ጃኬቱን አውልቆ፣ ስለ ጥር ፀሐይ ይጽፋል።

ዛሬ «ጥር ሠላሳ አምስት» ልጽፍ ስል እስክሪብቶዬ ቆመ።
ሠላሳ አምስት፣ ሲቀነስ ሠላሳ።
ሕፃን የሚያውቀው ሒሳብ።
ለካ ቀኑን አላቆምኩትም፤ ስሙን ነው የሰረቅሁት።
ፖስታውን ቀደድኩ፤ ማንንም አላስፈቀድኩ።

«አባባ፣ ቡናማ ጫማህን ለሰፊው ሰጠሁልህ፤
ተረከዙ አልቆ ነበር። ሐሙስ ይደርሳል ብሏል፤
ራስህ ሂድና ውሰደው፤ እግርህም ይፍታታልህ።»

ጉልላት ደጋግሞ አነበበው። ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠ።
«ሐሙስ ስንት ነው?» አለ።
«ሠላሳ ሰባት» አልኩት።
ቆይቶ፣ «በደንበኛው አቆጣጠርስ?» አለ።

ቀለበቱን ስከፍት ጣቴን ቆነጠጠኝ።