ደሴን ያለ ጥርስ

አባቴ ይመር አበጋዝ
ኮምቦልቻ መናኸሪያ ነው ጥርሱን የነቀለ።
አባባል እንዳይመስላችሁ፤
አንዱን የአውቶብስ በር፣
አንዱን የተራ ጠብ፣
የቀረውን ስኳር፣
እንዲህ እያለ እያለ
ስድሳ ስምንት ሲሞላው በድዱ ብቻ ዋለ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ
«ደሴ! ደሴ! ደሴ!» ነበረ እንጀራው፣ ነበረ ቃሉ።
ጥርሱ ያለቀ ለት ሴዋ ከዳችውና
«ደሼ!» ብሎ ተጣራ፣ በዚያ ሁሉ ጎዳና።
ረዳቱ ሳቀበት፣ ሾፌሩ ሳቀበት፣
ሎሚ ሻጯ እንኳ አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀችበት።
እሱም አብሮ ሳቀ።
(ጥርስ በሌለው ሳቅ ውስጥ ሆድ ነው የሚታየው፤
እኔ አየሁ፤ እሱማ ደበቀ።)

ተራውን ለልጆች ትቶ ደሴ ወንድሜ ቤት ገባ።
እኔም ከዕቁቤ ጨምሬ፣
በባጃጅ አሳፍሬ፣
ፒያሳ ካለ ጥርስ ሠሪ አደረስኩት።
ሮዝ ድድ፣ ነጭ ጥርስ። በሁለት ሳምንት ተረከብኩት።
ጎርሶት፣ መስታወት ፊት ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
«ደሴ» አለ፣ አንዴ ብቻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
ሴዋ እንደ ፉጨት ጠርታ ወጣች።
ጥርሲቱ ግን ከዚያ ወዲያ ከአፉ አልወጣች፤
ቀን አልወጣች፣
ሌሊት አልወጣች።

በጥቅምት ሳል። በታኅሣሥ ትኩሳት።
«የጦሳ ጉም ነው» ተባለ፣ «ኮምቦልቻን የለመደ ገላ በርዶት።»
ጎረቤት ፌጦ አመጣ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዳማከሴ፤
ጋቢ በጋቢ ደረብን፤ መስኮቱን በጨርቅ ወተፍን፤
ሁሉም በብርዱ ፈረደ፤ ብርዱም ይግባኝ አላለም፤
«አይ ደሴ!» አልን፤ «አይ ደሴ!»

በየካቲት፣ ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ ተደወለ።
ሐረጎን ሽቅብ ስወጣ፣ በየጥምዙ ሆዴ አብሮ ተጠቀለለ።

ብርዛፍ የምትባል ልጅ እግር ሐኪም
ደረቱን አዳመጠች፤ ራጁን ወደ መስኮት አንሥታ
ከሳንባው ግርጌ የተኛውን ነጭ ደመና አየች፤
ከዚያ እስከ ዛሬ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀች፦
«አባባ፣ ይህን ጥርስ ማታ ያወልቁታል?»

ሠላሳ ዓመት የጮኸ ሰው ዝም አለ።
ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ በሁለት ጣቱ ነቀለ።
ከላይ ነጭ፤ ከሥር ግን፣ ድዱን በሚነካበት፣
እንደ ከረመ ጀሪካን፣ ጣት የሚያዳልጥ ዝቃጭ ነበረበት።

«ብርዱ ምንም የለበትም፣ ጥርሱ ብቻ ነው አልልም» አለች፤
«ግን ሰው ሲተኛ ምራቁ መንገድ ይስታል፤
እዚህ የተራባው ጀርም አብሮት ይወርዳል፤
ያረጀ ሳንባ ደግሞ ቶሎ ይሸነፋል።
ማታ ይውጣ፤ በሳሙና፣ በብሩሽ ይታሽ፤ ውኃ ውስጥ ይደር።»
እኔ የማስበው ግን ስለ ተሳፋሪ ነበር፦
ሌሊት ሌሊት፣ ተራ አስከባሪው ተኝቶ፣
ያለ ትኬት፣ ያለ ወረፋ፣ ከድድ ወደ ሳንባ ስንቱ ወረደ ሞልቶ።

ከሆስፒታል በወጣ ማታ ኩባያ ውኃ ሞልቼ አቀረብኩ።
እምቢ አለ። ለመንኩ። እምቢ አለ።
ተቆጣሁ፤ ከዚያ እግሩ ሥር ተቀመጥኩ።
ያኔ ነው፣ «መብራቱን አጥፊው» ብሎ፣ በጨለማ የነገረኝ፦
«ሞት ሌሊት ብትመጣስ?
ደሴን ደሼ ያለ አፍ ሸሀዳዬን ቢያበላሽብኝ?
መላእክቱም እንደ ረዳቱ ቢስቁብኝ?»

ምን ይባላል?
በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ፣ ፊደል በፊደል፦
«አሽሀዱ። ይኸው አባ፣ ሸ ናት፤ ድሮም ሸ ናት።
ላ ኢላሃ። ይህ የምላስ ነው፣ የእስትንፋስ ነው፣
ጥርስ ምን አገባው።»
«ረሱል ላይ ያለችውስ?» አለ።
መልስ አልነበረኝም። ጉሙ መስኮቱን ያሻሻል።
ቆየና፣ «እሷንስ» አለ፣ «እሱ ይሰማኛል።»
ከዚያ ውኃው ውስጥ፣
ጠብ።

ሚያዝያ አለቀ። ሳሉ አልተመለሰም፤ ነገን አላውቅም።
ትናንት ለማታ ፈረቃ ስወርድ፣
ጥርሱ ቀድሞት ኩባያ ገብቶ፣
በባዶ ድዱ እስከ በር ሸኘኝ፤
አንድ እጁን እንደ ድሮው አፉ ላይ ደግኖ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ፣
«ኮምቦልቻ!» አለ፣ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!»
አንዲት ፊደል አልጎደለችም።