የስኳር ዜሮ

ሐዋሳ ሃምሳ ዓመት የሞላት ሰሞን
ኬኩን የጋገረው የአረብ ሰፈሩ ሌዳሞ ነበር።
ሁለት ሌሊት ሙሉ ዓይኑ እንቅልፍ ሳይዞር
ሐይቁን ሠራው በሰማያዊ ክሬም፣ ከነዳር ድንበር፤
ቆሮሶውን በቸኮሌት፣ አባ ኮዳውን በነጭ፣
ታቦርን በዳቦ ፍርፋሪ።
መሀል ላይ ከስኳር የተጠረቡ ሁለት ቁጥሮች፣
አምስትና ዜሮ፣ እንደ ጥርስ የነጡ።

ተነገረ፣ ተጨበጨበ፣ ማርሽ ባንዱ ነፋ፤
ቢላዋ ሐይቁን ሰነጠቀው፣ ጠብታ ውሃ ሳይደፋ።
የክፍለ ከተማው፣ የባንኩ፣ የውሃና ፍሳሹ፣
እንደየወንበራቸው ከባሕሩ ቆረሱ።
አምስቷ በካርቶን ሆና ከክብር እንግዳው ጋር ሄደች።
ዜሮዋ
ከትሪው ጥግ ቀረች።
ዜሮን ማን ይሻማል?

እናቴ ብርቄ፣ የአዳራሹ ጽዳት፣
ወንበር ሰብስባ፣ ወለል ወልውላ ስትጨርስ
በሶፍት ጠቅልላ አመጣቻት፣
እንዳትሰበር፣ እንደ እንቁላል፣ እንደ ጫጩት ነፍስ።
ስድስት እጆች ተዘረጉ። "እጃችሁን ሰብስቡ!
የአባታችሁ ድርሻ ነው፤ በዓይናችሁ ጥገቡ።"

አባቴ፣ ከፒያሳ እስከ ሐይቁ ላለው አስፋልት
ጠጠር የፈለጠ ሰው ነው፣
ሪባን ሲቆረጥ ያልነበረበት።
ከፎቶው ሥር፣ ቡፌው ላይ፣ በኒዶ ጣሳ
አኖረችለት፤ ከቅርንፉድ ጋር፣ ማንም እንዳያነሳ።

አሁን ልናዘዝ።
ጠዋት ሥራ ስትሄድ ወንበር ላይ ወጥቼ
ክዳኑን በቀስታ፣ እንደ ሌባ፣ ከፍቼ
በምላሴ ጫፍ
አንዴ ብቻ።
በሳምንት አንዴ ብቻ።
በጾሙም አንዴ ብቻ።
ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል፤ ቆርቆሮ ቆርቆሮ፤
የከተማ ጣዕሙ እንዲህ ይመስለኝ ነበር ድሮ።

አምባር ታክል የነበረች፣ ቀለበት አከለች።
እናቴ ጣሳውን ከፍታ "ጉንዳን ነው" አለች፤
የቡፌውን እግር ጋዝ ቀባች፣ ኖራ ነሰነሰች።
ጉንዳን አፍ የለውም።
እኔም አልነበረኝም።

ዘንድሮ ስድሳ ሆናት።
ለየተማሪው አንዳንድ ብስኩት ታደለ፣
የከተማዋ ማህተም ያለበት።
ልጄ ሶሊያና አቶቴ ሳትደርስ ማህተሙን በልታ
ላስቲኩን ለማስታወሻ ይዛ መጣች፣
አጥባ፣ አጣጥፋ።

አያቷ ሳቀች።
ተነስታ ጣሳውን አወረደች፤
ቀጭኗን ቀለበት በልጅቷ አውራ ጣት ላይ አጠለቀች።
"ስድስቷን ብቻ ይሥሩ፤ ዜሮው እኛ ቤት አለ፤
ለሰባም ይሆናል፣ ለሰማንያም፣ ካልተነካ፣ ካልጎደለ።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፣
መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ እየወለወለች፦
"አንተ ጉንዳን፣
ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ጠጣ።
ስኳር አላደረግኩበትም።"