የኦፔሏ ሆድ

ኩታይሲ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ኑግዛር ጋራዥ ውስጥ፣
ከጉድጓዱ ቆሜ፣ መብራት ይዤ፣ አንጋጥጬ ዝገት ላይ ሳፈጥ፣
ጺያላ መምህርቷ ሠላሳ ዓመት ያለፋት ኦፔሏን ነድታ መጣች፤
«ቦሎ ከለከሉኝ፤ ጭስሽ በዛ አሉኝ» አለች።

የባሏ መኪና ናት። ኦታር ከሞተ አራት ዓመት ሆነው፤
ወንበሩን አላስጠጋችም፤ ፍሪሲዮን የምትረግጠው
ተንጠራርታ ነው፣ በጣቷ ጫፍ፣ ዛሬም እሱ እንደተወው።

ስድስቱ ብሎኖች ዝገው አንድ ሥጋ ሆነዋል፤
ዘይት ብናጠጣቸው፣ በእሳት ብንለበልባቸው፣ እምቢ ብለዋል።
ሁለቱ ተሰበሩ። አንዱን ኑግዛር እናቱን ሰድቦ ነው ያስለቀቀው።

ካታላይዘሩ ወረደ፤ በሁለት እጄ ተቀበልኩት፤
እንዲህ ይቀላል እንዴ? ጆሮዬ ሥር ነቀነቅኩት።
ኑግዛር በመጋዝ ሰነጠቀው። መብራቴን አስጠጋሁ፦
እንደ ማር ሰፈፍ የተበሳሳ፣ ፕላቲኒየም የተቀባ ሸክላ ነበር የጠበቅሁ።
ባዶ። ጥላሸት ብቻ። ጎኑ ላይ የብየዳ ስፌት፣
ጥንቁቅ፣ ቀጭን፤ አይቼ የማላውቀው ዓይነት ጽዳት።

«ሌባ ነው?» አለች ጺያላ። «ሌባ በይዶ አይሄድም» አላት፤
«ባለቤቱ ነው የሸጠው።» ከዚያ መፍቻ ሲወለውል ቆየ፣ ላለማየት።

እኔ ግን አየሁ፤ ምላሷ በጉንጯ ሥር ሲዞር፣ ሲፈልግ፣
በግራ በኩል፣ ከላይ፣ ካለው የወርቅ ጥርስ ጥግ።
«ያን በረዶ የጠናበት ዓመት፣ በጥርስ ሕመም ስጮህ ሳድር፣
‹ፋብሪካው ውዝፌን ከፈለኝ› አለኝ። መቼ ልጠረጥር!
ፋብሪካው እኮ ያኔ ተዘግቶ ሣር በቅሎበት ነበር።»

ሆድ ይፍጀው ብሎ፣ የኦፔሏን ሆድ አራቆተ፤
ራዲዮኑን አስጩኾ ነዳት፤ ለማንም ሳይናገር ሞተ።

«ከተጋጨች መኪና የወጣ አለ፤ አራት መቶ ላሪ» አለ ኑግዛር።
«ጥርሴን ልንቀልልህ?» ሳቀች። ወርቁ አንዴ ብልጭ አለ በመብራቴ ዳር።

ሴንሰሩን ወልውለን፣ አዲስ ጓርኒሲዮን አግብተን፣
ብሎኖቹን ቅባት ቀብተን፣ በየተራ አጥብቀን፣
አስነሳናት። ጭስ የለም። ከኋላዋ እጄን ባሳርፍ፣
ሙቅ፣ እርጥብ ትንፋሽ ብቻ፣ በመዳፌ ላይ የሚያልፍ።

ባዶውን ቆርቆሮ ለቁራሌ ከተከመረው ልጥለው ስል፣
«አምጣው» ብላ ታቀፈችው፣ ካፖርቷ የማይቆሽሽ ይመስል።
ከጎኗ ወንበር አኖረችው። በሩ ጋ ኮረኮንቹን ስትረግጥ፣
ቆርቆሮው ተንኳኳ፤ ድምፅዋ መጣ፣ ከገርበብታው መስኮት ውስጥ፦
«ውሸታም!» ትለዋለች። «ዝም በል ደግሞ፤ ሞተሩን ልስማው።»